በቅርጫ የተከፈለው መድፍ

በታች ብሬዛና በላይ ብሬዛ መካከል ባለው አቀበት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ዱቄት ከወፍጮ፣ ጨው ከገበያ፣ እንጨት ከዱር ተሸክመው የሚወጡ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ትንፋሻቸውን የሚሰበስቡበት ነው። ፔትሩሻ በዚያ ድንጋይ ላይ አርፋ አታውቅም ይባል ነበር። ውሸት ነው። አንድ ጊዜ አርፋለች፤ ልጇ ቪድና ልትወለድ ምጥ የያዛት ቀን። ያን ቀንም ቢሆን ጨውን ቤት አድርሳ ነው የወለደችው።

በሞንቴኔግሮ ተራሮች ወንድ ጠመንጃውን ይይዛል፤ የቀረው ሁሉ የሴት ሸክም ነው። ፔትሩሻ በዚህ አታማርርም። ቁመቷ ከብዙ ወንዶች ይበልጣል፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ አጭር ነበር። ባሏ ኖቪጻ ቀጠን ያለ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሰው ስለነበር መንደሩ ሁለቱን አብረው ባየ ቁጥር ይቀልድ ነበር። «ኖቪጻ፣ ጦርነት ሲመጣ ሚስትህ አዝላህ ትዘምት!» ሲሉት፣ «ከእሷ ጀርባ ላይ ሆኖ መተኮስማ ከምሽግ መተኮስ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር።

ጦርነቱ መጣ፤ ኖቪጻ በእግሩ ዘመተ። በዚያ ዘመቻ የላይ ብሬዛ፣ የታች ብሬዛና የቤተ ክርስቲያን ሠፈር ሰዎች አንድ ላይ ሆነው አንዲት ኮረብታ ወጡና ከቱርኮች እጅ አንድ የተራራ መድፍ ማረኩ። ትንሽ የነሐስ መድፍ ነው፤ ተፈታትቶ በበቅሎ የሚጫን። መጀመሪያ የደረሰው ኖቪጻ ነበር። ቱርኩ መድፈኛ መድፉን ጥሎ ሲሸሽ ለማረኩት እንዳይጠቅማቸው የማነጣጠሪያውን ብሎን ነቅሎ ሊሄድ ሲል ኖቪጻ ያዘው። ይህ ብሎን ከመድፉ ጀርባ ሥር ቆሞ ሲዞር አፉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ ክንድ የሚያህል ወፍራም ብረት ነው። የኖቪጻ ጓደኞች ሲደርሱ ሁለቱም ሞተው አገኟቸው፤ ብሎኑ ግን በኖቪጻ እጅ ነበር። ጣቶቹን ለማላቀቅ ሁለት ሰው አስፈልጎ ነበር።

እንግዲህ እንደኛ ያለ ሕዝብ ብቻ የሚሠራው ስሕተት የተሠራው ያኔ ነው። ሦስቱ መንደሮች መድፉ የማን ይሁን ብለው ተጨቃጨቁ። ጭቅጭቁ ወደ ጎራዴ ሲሄድ ሽማግሌዎች ገቡና መድፉን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደቡት። ነሐሱ ለላይ ብሬዛ፣ ሁለቱ መንኮራኩሮች ለታች ብሬዛ፣ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው የእንጨት አካል ለቤተ ክርስቲያን ሠፈር ደረሰ። ብሎኑ ለኖቪጻ ቤት ሆነ። ሁሉም ድርሻውን ተሸክሞ፣ ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየተኮሰ፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ። የጎደለው ነገር ቢኖር መድፍ ብቻ ነበር፤ እሱ የትም አልነበረም።

ፔትሩሻ ብሎኑን ከምድጃው በላይ ካለው ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። ዝገት እንዳይበላው በየጊዜው የበግ ሞራ ትቀባዋለች። ወንድ ልጅ አልነበራትም፤ ያላት ቪድና ብቻ ናት። በእኛ ዘንድ ወንድ የሌለው ቤት «ምድጃው የጠፋ» ይባላል፤ ስሙ ከቤቶች ቁጥር ይወጣል፤ መሬቱም ውሎ አድሮ ወደ ባል ወንድም ይዞራል። የኖቪጻ ቤት ስም ግን አልወጣም። በየዓመቱ በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ሦስቱ መንደሮች ሲሰበሰቡ ዓይነ ስውሩ ራፋይሎ ባለ አንድ ጅማቷን ጉስላ እየገዘገዘ የመድፉን ምርኮ ይዘፍናል። መንደሮቹን በየድርሻቸው ጠርቶ ሲጨርስ፣ «ብሎኑ በኖቪጻ ቤት» ይላል። ፔትሩሻ ይህን ለመስማት ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ቤቷን ቤት የሚያሰኘው ያ አንድ ስንኝ ነበር፤ ስንኙን ያቆመው ደግሞ ብሎኑ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ የባሏ ወንድም ድራሽኮም ያውቃል።

ቪድና ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ ሌላ ጦርነት ተነሣ። አንድ ትልቅ የቱርክ ጦር በወንዙ ሸለቆ ወደ ላይ እየመጣ መሆኑ ተሰማ። ሻምበል ራዶሳቭ የሦስቱን መንደሮች ሰዎች ጠርቶ፣ «ድልድዩን ሳይሻገሩ ካላቆምናቸው ቤታችን ውስጥ ነው የምንዋጋው። መድፉን አምጡ» አለ።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የትኛውን?» አለ አንዱ።

«ስንት መድፍ አለን?»

«መድፍ የለንም ሻምበል። ድርሻ ነው ያለን።»

እንዲያም ሆኖ አመጡ። ላይ ብሬዛዎች ነሐሱን በወሳንሳ ይዘው መጡ። ታች ብሬዛዎች መንኮራኩሮቻቸውን እያንከባለሉ ወጡ። የቤተ ክርስቲያን ሠፈር ሰዎች የእንጨቱን አካል ሲያመጡ የካህኑ ዶሮዎች ለዓመታት አድረውበት ኖሮ መጀመሪያ መታጠብ ነበረበት። ሁሉም ድርሻውን እንደያዘ ቆመ እንጂ ማንም የሌላውን አልነካም። በሰርቢያ መድፍ መተኮስ ተምሮ የመጣው ማሻን የሚባል ቀይ ጢማም ሰው ነበር፤ ለምኖም ተሳድቦም ከድልድዩ በላይ ባለው የድንጋይ እርከን ላይ ገጣጠመው። በብሎኑ ፋንታ የእንጨት ሽብልቅ ከሥሩ አስገባና ለሙከራ አንድ ጊዜ ተኮሰ።

በማግሥቱ ድራሽኮ ወደ ፔትሩሻ ቤት መጣ። ከድሮው ጦርነት ጀምሮ አንድ እግሩን ይጎትታል። በበሩ ላይ ቆመ።

«ዋርሳዬ፣ ግባ እንጂ። አረቄ ልቅዳልህ?»

«አረቄ ልጠጣ አልመጣሁም።»

«እንግዲያው ታመሃል።»

«ቀልዱን ተዪው። ብሎኑን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሻምበሉ ልኮኝ ነው።»

«በሽብልቅ ትተኩሳላችሁ ሲባል ሰማሁ።»

«ተኮስን እንጂ! ሽብልቁ ተስፈንጥሮ የካህኑን ቆብ ይዞ ሄደ። አረሩ ደግሞ የታች ብሬዛን የፕለም ዛፍ መትቶ ተመለሰ። አሁን ታች ብሬዛዎች ካሳ ካልተከፈለን መንኮራኩራችንን እንወስዳለን እያሉ ነው።»

ፔትሩሻ ሳቀች። ድራሽኮ ግን አልሳቀም። ወደ ምሰሶው ቀና ብሎ ብሎኑን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ። ይህ ነገር አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስጪኝና በእኔ ስም ይያዝ። ለወገናችን ይሻላል። ወንድ የሌለው ቤት እኮ…»

«ጨርሰው።»

«ምድጃው ጠፍቷል ይባላል። እኔ አላልኩም፤ አገሩ ነው የሚለው።»

«አገሩ ታዲያ ማለዳ ማለዳ ከእኔ ምድጃ እሳት ሊጭር ለምን ይመጣል?»

«ፔትሩሻ፣ ቱርኩ እየመጣ ነው። አንቺ ብረት አቅፈሽ ልትቀሪ ነው?»

«ማን ይቀራል አለህ?» አለችና በርጩማ ላይ ወጥታ ብሎኑን አወረደች። ድራሽኮ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ብሎኑን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ሁለት የገብስ ዳቦና የደረቀ የበግ ሥጋ አክላ፣ በጀርባዋ አዘለችው። «ብሎኑ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ። ከዚህ ቤት ሰው ሌላ አያዞረውም። ቪድና፣ ፍየሎቹን አደራ!»

«ሴት በመድፍ ላይ! መሳቂያ ልታደርጊን ነው!»

«የካህኑን ቆብ የተኮስኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

አቀበቱን ከድራሽኮ ቀድማ ወጣች። እርከኑ ላይ ስትደርስ ሰዎቹ ዳቦ ያመጣች መስሏቸው ተነሡ። ዳቦውን ሰጠቻቸውና ብሎኑን ከጨርቁ አወጣችው። ማሻን ተቀብሎ የብሎኑን ጥርሶች በጣቱ ዳሰሰ። አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረችበትም።

«ማን ነው እንዲህ የያዘው?» አለ።

«እኔ። የማዞረውም እኔ ነኝ።»

ሻምበል ራዶሳቭ ጢሙን እየጠመዘዘ ቀረበ። «እመቤት፣ ባልሽን አውቀዋለሁ፤ ጀግና ነበር። ነገር ግን ቱርኮች መድፋችንን ሴት ስታዞረው ቢያዩ ምን ይሉናል?»

«ፊቴን ለይተው ካዩኝ በጣም ቀርበዋል ማለት ነው፣ ሻምበል። በጣም ከቀረቡ ደግሞ ጥፋቱ የተኳሽህ ነው።»

ማሻን ከት ብሎ ሳቀ። «ሻምበል፣ ለእኔ ብሎን የሚያዞር እጅ ነው የሚያስፈልገኝ። ጢም አያስፈልገኝም፤ የራሴ አለኝ።»

ሻምበሉ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ድራሽኮ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ለዛሬ ነው። ነገሩ ሲያልቅ ብሎኑ ወደ ወንድ እጅ ይገባል፤ ጉዳዩን በጉባኤ አቀርበዋለሁ» አለ። ፔትሩሻ ግን ማሻን የሚያስተምራትን እየሰማች ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲዞር አፉ ያጎነብሳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ቀና ይላል፤ መድፉ ሲተኮስ ፈንጠር፣ ከዚያ ወዲያው ተመለስ። ነገሩ ያን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። እንዲያውም በልቧ፣ ወንዶቹ ይህን ያህል ዘመን ሲፎክሩበት የኖሩት ለዚህ ነው ወይ አለች።

የቱርኩ ጦር በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሸለቆው መታጠፊያ ብቅ አለ። ቀዩ ቆብ ከወንዙ ዳር ዳር እንደ በርበሬ ስጥ ተዘርግቶ ታየ። ማሻን ጠበቀ። የፊተኞቹ ወደ ድልድዩ ሲቃረቡ፣ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ… በቃ!» አለ፤ ፔትሩሻ ፈንጠር ስትል መድፉ ጮኸ። አረሩ ከድልድዩ አጠገብ ካለው ዐለት ላይ አርፎ ድንጋዩን በተነባቸው። ሁለተኛው መሐላቸው ገባ። ጦሩ ተመሳቀለ፤ የኋላው ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱ ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር።

ሥራው ግን የቅርጫ ሥራ ነበር። ድራሽኮ ከላይ ብሬዛ ስለሆነ ባሩዱንና አረሩን በነሐሱ አፍ አስገብቶ በዘንግ ይደቀድቃል፤ ሌላ ነገር አይነካም። መድፉ በተተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ወደ ቦታው የሚገፉት ሁለት የታች ብሬዛ ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ላኪች የሚባል ፈርጣማ ጎረምሳ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠፈሮቹ የእንጨቱን ጭራ ይዘው ያዞራሉ። አንድ ጊዜ ማሻን ራሱ መንኮራኩር ሊገፋ እጁን ሲሰድ ላኪች፣ «እጅህን! የአባቴ ድርሻ ነው!» ብሎ ጮኸበት።

«አባትህ እዚህ ቢኖር ቶሎ ይገፋ ነበር!» አለው ማሻን።

ቱርኮቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ጥቂት ተኳሾች በማዶው ጫካ ወጥተው እርከኑን በጥይት ይቆሉት ጀመር። ማሻን እንደገና ሲተኩስ መድፉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ላኪች ለመግፋት ጎንበስ ሲል ግራ ክንዱን ተመትቶ ወደቀ። ከግራው መንኮራኩር ሥር ያለው ድንጋይ ተፈነቀለ፤ መንኮራኩሩ ከእርከኑ ጠርዝ ወጥቶ በገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለተኛው የታች ብሬዛ ሰው በቀኙ በኩል ተለጥፎ እግሩን በድንጋይ ላይ ቢተክልም መድፉ ይዞት እየሄደ ነበር። ከታች ደግሞ የቱርኩ ፈረሰኛ አጋጣሚውን አይቶ ወደ ድልድዩ ጋለበ።

የቆሙት ሰዎች ለቅጽበት ተገተሩ። ፈርተው አልነበረም። መንኮራኩሩ የታች ብሬዛ ነው፤ ሳይፈቀድለት የሰው ድርሻ የነካ ነገ በጉባኤ ምን ይባላል? ፔትሩሻ ፊታቸውን አየች፤ ሁሉም የሌላውን ሰው ይጠብቃል። እጇ ብሎኑ ላይ ነበር። እሷም እንደነሱ ናት፤ ከቤቴ ሰው ሌላ አያዞረውም ብላ ሦስት መንደር ያስደመጠች እሷ ነች። ብሎኑን ከለቀቀች ማን እንደሚይዘው ታውቃለች፤ ያ ሰው ደግሞ አጠገቧ፣ አንካሳ እግሩን ይዞ፣ ዘንጉን ጨብጦ ቆሟል። በዚያ እግር ደግሞ መድፍ ሽቅብ አይገፋም።

ብሎኑን ለቀቀችው።

«ድራሽኮ! አዙረው!»

«ምን?»

«ብሎኑን ያዝ! አንተ ደንቆሮ፣ አዙረው እልሃለሁ!»

እሷ በዚያ ጊዜ ከገደሉ ጠርዝ በታች ወርዳ ትከሻዋን ከመንኮራኩሩ ሥር አስገብታ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ጨው፣ ዱቄትና እንጨት የለመደ ትከሻ ነው። እግሯን በዐለቱ ስንጥቅ አጽንታ ተነሣች። መንኮራኩሩ ጮኸ፤ ቀና አለ። «የቆማችሁት ሁሉ! የማንም ይሁን፣ ግፉ!» አለች። ያን ጊዜ ሁሉም ተረባረበ። የላይ ብሬዛው መንኮራኩር ያዘ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠፈሩ ነሐሱን ደገፈ፤ ላኪች እንኳ ተጋድሞ በደህናው እጁ ድንጋይ ከመንኮራኩሩ ሥር ይወትፍ ነበር። መድፉ ወደ እርከኑ ተመለሰ።

«ወደ ቀኝ! እስከ መጨረሻው!» አለ ማሻን።

ድራሽኮ አዞረ። ሞራ የጠገበው ብሎን ያለ አንዳች ችግር ተሽከረከረ፤ የመድፉ አፍ ወደ ድልድዩ አጎነበሰ። አረሩ ፈረሰኛው ድልድዩ ላይ እንደወጣ ከመሐል እንጨቱ ላይ አረፈ። ድልድዩ ተሰብሮ ከነፈረሱ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተኮሱ፤ አስፈላጊ ግን አልነበረም። ጦሩ ወደ መጣበት ዞሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በዚያው እርከን ጉባኤ ሆነ። ሻምበል ራዶሳቭ እያንዳንዱን አመሰገነና በልማዳችን መሠረት ማን ምን እንደ ሠራ ጠየቀ። በእኛ አገር በዚህ ጉባኤ ላይ የሰው ሥራ ለራሱ አድርጎ የተናገረ ሰው ልጁን የሚድርለት አይገኝም። ወደ ብሎኑ ሲደርስ፣ «የመጨረሻውን ማን አዞረ?» አለ።

ፔትሩሻ ትከሻዋን በቅቤ እያሹላት ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ ድራሽኮን አየችው፤ አልለመነችውም።

ድራሽኮ ተነሣ። «እኔ አዞርኩት» አለ። ወደ ፔትሩሻ በእጁ አመለከተ። «ያዘዘችኝ ግን እሷ ናት። ደንቆሮም ብላኛለች። በወንድሜ ቤት ትእዛዝ ነው ያዞርኩት፤ ከዚያ ሌላ የምለው የለኝም።»

«በጉባኤ አቀርበዋለሁ ያልከውስ?» አለው ማሻን።

«አቀረብኩት እኮ!» አለ ድራሽኮ ተቆጥቶ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ታች ብሬዛዎች መንኮራኩራቸውን ሊፈቱ ተነሡ። ማሻን መፍቻውን ደብቆ ነበር። ፔትሩሻ ብድግ አለች። «መጀመሪያ የሚፈታው ብሎኑ ነው» አለች፤ «ብሎኑ ደግሞ የእኔ ነው። አልፈታውም። እዚያው ይቆይ። ድርሻውን የሚፈልግ ብሎኑ እስኪፈታ ይጠብቅ።» ታች ብሬዛዎች ተያዩ። ጠበቁ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ዛሬም እየጠበቁ ነው።

መድፉ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ሳይፈታ ሄደ፤ ፔትሩሻም አብራው ሄደች። ዳቦ ትጋግራለች፣ ቁስል ታስራለች፣ ማሻን ሲጣራ ብሎን ታዞራለች። ድራሽኮ አጠገቧ ሆኖ እየተነጫነጨ ባሩድ ይደቀድቃል። በሁለተኛው ዓመት ከሞላ ጎደል መዋደድ ጀምረው ነበር፤ ቢያንስ ዳቦውን የሚቆርስላት እሱ ነበር።

ሰላም ሲሆን ላኪች ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጣ። ግራ ክንዱ ደርቋል። ቪድናን ጠየቀ።

«የእኔ ልጅ ከቤቷ አትወጣም» አለችው ፔትሩሻ። «የሚያገባት ወደዚህ ነው የሚገባው። ስሙም የኖቪጻ ቤት ይሆናል።»

በእኛ ተራራ ወንድ ወደ ሚስቱ ቤት ከሚገባ ጥይት ቢመታው ይመርጣል። ላኪች ጥይቱን አስቀድሞ ተመቶ ነበርና ብዙ አላሰበም። «እሺ» አለ። «አባቴ ግን እንዳይሰማ አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

አባቱ በማግሥቱ ሰማ። መንደሩ ተንጫጫ። ድራሽኮ እግሩን እየጎተተ ሲመጣ ፔትሩሻ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ወንድ ልጅ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል እንዴ?» አለ።

«መድፍስ በሴት ትከሻ ይገፋል እንዴ?»

ድራሽኮ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አየው፤ ለአማትና ለአዲስ ሙሽሮች የሚበቃ አልነበረም። «ይህ ግድግዳ መፍረስ አለበት» አለ። «በዚህ በኩል አንድ ክፍል እንቀጥላለን። ያ ጎረምሳ በአንድ እጁ ድንጋይ አይጠርብም፤ ልጆቼን ይዤ ነገ እመጣለሁ።»

«ዋርሳዬ፣ አረቄ ልቅዳልህ?»

«ቅጂ» አለና ገባ።